የያብስራ ለቅሶ በአሥራ አንዱ በሮች ላይ

ያብስራ የሞተው በሰኔ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ ኤልዳና ከጀልባቸው ጣሪያ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። የቧንቧው ውሃ መንቆርቆሩን አላቆም ሲላት "አንተ ሰውዬ፣ ጋኑን ልትጨርሰው ነው?" ብላ ተጣራች፤ መልስ ስታጣ ገባች።

ግድግዳው ላይ ያለችው የቦዩ ቢሮ መቆጣጠሪያ ሳጥን ከእሷ ቀድማ አውቃለች። ሬሳ ወሳጆቹን የጠራቻቸውም ሳጥኗ ናት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጨዋ ልጆች መጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ "እናዝናለን" አሉ፣ ያብስራን በግራጫ ከረጢት አድርገው ይዘውት ወጡ።

"የት ነው የምትወስዱት?" አለች ኤልዳና።

"ወደ የብስ" አሏት። ከዚያ ያለፈውን እነሱም አያውቁም። ገና ከመሰላሉ ሳይወርዱ ሳጥኗ ላይ "ነዋሪ፦ ሁለት" ይል የነበረው "ነዋሪ፦ አንድ" ሆነ።

እንግዲህ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ለኤልዳና የቀረላት ለቅሶው ብቻ ነው። ለጋሼ ናሆም ስትደውልለት ያለችውም ይህንኑ ነው፦ "ሦስት ቀን ብቻ። ሦስት ቀን ሰው አጠገቤ ይቀመጥልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ጋሼ ናሆም የቦዩ ዕድር ጥሩንባ ነፊ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ያለው አንድ ጀልባና አንድ ሥራ ነው፦ ሰው ሲሞት የጀልባውን ጥሩንባ ሦስት ጊዜ አስረዝሞ መንፋት። የሰማው ይነፋል፣ ያንን የሰማ ይነፋል፣ ወሬው ከአንድ ቦይ ወደ ሌላው በዚህ ይሄዳል። በስልክ መንገር ቀላል እንደሆነ ስንቴ ተነግሮታል። "በስልክ የተነገረው ሰው 'አላየሁትም' ይላል" ይላል ናሆም። "ጥሩንባ ግን አልሰማሁም የሚል የለም።" በዕድሩ ውስጥ ለቅሶ የቀረን ሰው ስም ከነቀኑ ያውቃል። ሲከፋውም ሲደሰትም ያንን ይጠቅሳል።

ይህ በሁለት ሺህ ሰባ ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው። በየብስ ላይ ቤት መከራየት የሹማምንት ነገር ከሆነ ቆይቷል፤ የእንግሊዝ አገር ደኻም፣ አበሻውም ፈረንጁም፣ በየቦዩ ላይ ወጥቷል። ጀልባዎቹ ሃያ ሜትር ይረዝማሉ፤ ስፋታቸው ሁለት ሜትር ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ይሄዳል እንጂ ጎን ለጎን ሆኖ መኳረፍ አይቻልም። ዳቦው አንድ ቦታ ይቦካና ሌላ ቦታ ይጋገራል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የሚያዘው ጥርስ በሚያምበት ሳይሆን ጀልባው በሚደርስበት ከተማ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። አንድ ጀልባ አንድ ቦታ ላይ ከአርባ ስምንት ሰዓት በላይ አይቆምም፤ ቢያንስ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። የቆመ እንደሆነ የቢሮው ጀልባ አንሺ ይመጣል። ጀልባው ወደ መቁረጫ፣ ሰዎቹ ወደ ማረፊያ ይወሰዳሉ፤ ማረፊያው የት እንደሚሆን ዕጣ ነው የሚወስነው፣ ሁለት ጎረቤት አንድ ቦታ የደረሰበት ጊዜ የለም። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ከጀልባ ሃያ ርምጃ መራቅ አይቻልም የሚል ነው። የቦዩ ዳር መንገድ የየብስ ሰዎች ነው። ሃያ አንደኛዋ ርምጃ ላይ ሳጥኗ ትጮሃለች። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣ።

ኤልዳና ያለችው ላይኛው ቦይ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ኮረብታውን በአሥራ አንድ የውሃ በሮች መውጣት ያስፈልጋል። ጀልባው ጠባብ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ገንዳው ሲሞላ ጀልባው አብሮ ከፍ ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ጀልባ በወጣ ቁጥር ከላይኛው ቦይ አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የቦይ ሰው ደንብ አለው፦ ወጪ ወራጅን ይጠብቃል። ወራጁ ሊወርድበት የሞላው ገንዳ ባዶ ሲሆን ወጪው ይገባበታል፤ አንድ ውሃ ሁለቱን ያገለግላል። ይህን የማያውቅ የለም። አዲስ ለሚመጣ ሁሉ የሚያስተምረው ናሆም ራሱ ነው፣ ያውም በቁጣ።

ለቅሶ ሲሆን ግን ማን ወራጅ ይጠብቃል?

ማክሰኞ ከረፋዱ ጀምሮ መጡ። ናሆም ጀልባውን ከመጀመሪያው በር ሥር አስሮ፣ የበሮቹን ማዞሪያ ብረት ይዞ፣ ለእያንዳንዱ ይከፍት ነበር። ጥሩንባ ነፊ ሁሉንም አሳልፎ መጨረሻ ነው የሚሄደው።

"ጋሼ ናሆም!" አለ ኪሩቤል ከአራተኛው ጀልባ ላይ፤ ኪሩቤል የዕድሩ ቀልደኛ ነው፣ ጥቁር ኮቱን ገና እየለበሰ ነው የደረሰው። "ወራጅ አልጠብቅም፣ እንዳትቆጣኝ!"

"ማን ጠብቅ አለህ? ሟች ዘመድህ አይደለም?"

"ዕድሜ ልኩን በካርታ ሲበላኝ የኖረ ሰውዬ እንዴት ዘመዴ አይሆንም!" አለና ኪሩቤል ዓይኑን በእጅጌው ጠራረገ።

ሃያ አንድ ጀልባ አለፈ። የቀረ የለም። ሁለት ዓመት ከኤልዳና ጋር ተኳርፈው የነበሩት እንኳ ንፍሮ ቀቅለው መጡ። ናሆም ከላይ የሚወርደውን ውሃ ሃያ አንድ ጊዜ በዓይኑ አየው፤ ልቡ ያየው ግን ሰውን ነበር። "ይሄ ነው ዕድር ማለት" አለ ለራሱ፤ በመጨረሻም እሱ ወጣ። ላይ ሲደርስ ጀልባዎቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቦታ ስላልነበረ፣ ጀልባውን ከአሥራ አንደኛው ገንዳ ውስጥ እንዳለ አስሮ ተወው።

ሳጥኖቹ ሁሉ ውሃው በቂ ነው የሚለውን አረንጓዴ መብራት አብርተው ነበር። ቢሮው የቦዩን ውሃ የሚለካው ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያኔ ያብስራም ገና አልሞተም ነበር።

ድንኳን ለመትከል የብስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በሦስት ጀልባዎች ላይ ሸራ ወጠሩና ኤልዳናን መሀል አስቀመጧት። ሴቶቹ ከበቧት፣ ወንዶቹ ካርታ ያዙ። ከሰላሳ ዓመት በፊት በየብስ ላይ እንደነበረው ነበር ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ የሚያልፍ የየብስ ሰው ቆም ብሎ ፎቶ ማንሳቱን ካልቆጠርነው።

የሠልስቱን ነገር ናሆም አስቦበታል። "አርባ ስምንት ሰዓት ሐሙስ ጠዋት ይሞላል" አለ፣ እንደ ጦር አዝማች ቆሞ። "ሐሙስ ማለዳ ሃያ ሦስታችንም ተሰልፈን ሁለት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፤ ድልድዩ ጋ እንቆማለን፤ ሦስተኛውን ቀን እዚያ እንቀመጣለን። ለቅሶውን ይዘነው እንሄዳለን ማለት ነው። ሕጉም አይጣስ፣ ሠልስቱም አይጓደል።"

"ፓርላማ መግባት ነበረብህ" አለው ኪሩቤል።

ኤልዳና እጁን ይዛ ግንባሯ ላይ አስነካችው። ናሆም ያን ቀን ያህል የተደሰተበት ቀን ኖሮ አያውቅም፤ በለቅሶ ላይ መደሰት ነውር ሆኖበት አንገቱን ደፍቶ ዋለ እንጂ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው ካርታው መንሸራተት የጀመረው።

"ኧረ ጠረጴዛውን የሚገፋ ማን ነው?" አለ ኪሩቤል። ማንም አልነበረም። ካርታዎቹ አንድ በአንድ ወደ ግራ ሄደው ወለሉ ላይ ወደቁ። ከወዲያ ጀልባ የንፍሮው ድስት ተንሸራቶ ሲወድቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት ጮኸች። ከሥራቸው የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲፋተግ ሰሙ፤ ብረት ጭቃ ላይ ሲቀመጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ናሆም ጀልባው ወደታሰረበት ወደ አሥራ አንደኛው በር ሮጠ፤ ሃያ ርምጃ ስለማይሞላ ሳጥኑ አልጮኸችም። የቦዩ ግድግዳ ላይ እርጥቡ ምልክት ከውሃው በላይ ክንድ ሙሉ ሆኗል። ከማዶ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ከጥር ጀምሮ ደርቋል፤ ወደዚህ ቦይ የሚገባ ሌላ ውሃ የለም። ወደ ታች ሲመለከት ደግሞ በበሮቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ኩሬዎች ሁሉ ሞልተው፣ በጎን በጎናቸው እየፈሰሱ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ገባው። እያንዳንዱ ለቀስተኛ የመጣው ከኤልዳና ሥር አንድ አንድ ገንዳ ውሃ እያፈሰሰ ነው። የጠራቸው እሱ ነው። በሩን የከፈተላቸውም እሱ ነው።

ሳጥኑን ጠየቃት። ቢሮው ወዲያው መለሰ፦ "ጥያቄዎ ደርሶናል። በላይኛው ቦይ ውሃ በጥቅምት ይጠበቃል። የአንሺው መድረሻ፦ ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት። መልካም ጉዞ።"

ሸራው ሥር ተመልሶ ሲነግራቸው ማንም አልጮኸበትም። አንዱ እንኳ "አንተ አይደለህ የውሃ መምህራችን?" ብሎ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

"ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲሉን አደግን" አለ ኪሩቤል፣ የወደቀ ካርታውን እየለቀመ። "ሎሚውን የተሸከመው ቅርጫት ይቀደዳል ያለን ግን የለም።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ናሆም።

"አንተ ምን ታደርግ? ጠራህ፣ መጣን። ባትጠራን ነበር የምንጣላህ።"

ማታውን በባልዲ ውሃ ቀድተው አንዱን ጀልባ ለማንሳት ሞከሩ፤ ሃያ ቶን ብረት በባልዲ አይነሳም። ሐሙስ ሲነጋ ላይኛው ቦይ ጭቃ ሆኗል። ሃያ ሁለት ጀልባ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሞ ቀርቷል። ውሃ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፦ የናሆም። ገንዳው ጥልቅ ስለሆነ ከሥሩ ውሃ ተርፎለታል። ሌላ ሰው ጭኖ መውረድ አይችልም፤ ከተመዘገበው ነዋሪ አንድ ሰው ከበለጠ ሞተሩ አይነሳም፣ ምዝገባ ለማስቀየር ደግሞ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

"እዚሁ ነኝ" አለ ናሆም። "ከእናንተ ጋር ነው የምነሳው።"

የዚያን ጊዜ ነው በሳጥኗ የቦይ ካርታ ላይ ዘጠኝ ነጥቦች የታዩት። ጥሩንባው ከጀልባ ጀልባ እየተላለፈ እስከ ቦዩ ደቡብ ቅርንጫፍ ደርሷል፤ የደቡቡ ዕድር ሁለት ቀን ተጉዞ እየመጣ ነው። ከፊት ያሉት ወይዘሮ ሶልያና ናቸው፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት፣ በቦዩ ሁሉ የሚፈሩና የሚወደዱ። ናሆም ደወለላቸው።

"ሰምተናል" አሉት። "ውሃ ጎድሏል አሉ።"

"አልጎደለም እትዬ ሶልያና፤ አልቋል። ይመለሱ።"

"ለቅሶ በስልክ ነው እንዴ የሚከለከለው? ተወኝ ልጄ፣ መሪ ይዣለሁ" ብለው ዘጉት።

የታችኞቹ ኩሬዎች ሞልተዋል፤ ዘጠኙም እስከ አሥረኛው በር ድረስ ይወጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ከላይ የሚለቀቅላቸው ውሃ አይኖርም። ከኋላቸው የተሰለፈ ስላለ ወደ ኋላም አይመለሱም።

ኤልዳና የስልኩን ወሬ ሰምታለች። ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ወለሉ ስላዘመመ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው።

"ሂድ" አለችው።

"ሠልስቱ ሳይወጣ?"

"ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ። ሂድ አልኩህ። እነሱን ፊት ለፊት የሚመልሳቸው አንተ ብቻ ነህ።"

"ኤልዱ፣ ሦስት ቀን ሰው ይቀመጥልኝ ብለሽኝ..."

"ሰውማ ሞልቶልኛል፤ ዙሪያህን አታይም?" አለችና ልትስቅ ሞከረች። አልሆነላትም። "የእነሱንም ቤት በእኔ ስም አታስቆርጥ።"

ሄደ። ለቅሶ ተቋርጦ ሲኬድ ሰው አይሰናበትም፤ አንገቱን ደፍቶ በመሀላቸው አለፈ፣ እነሱም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አነሱለት። ከሰባተኛው በር ላይ ሆኖ ከኮረብታው ጀርባ የአንሺውን ሞተር ሰማ። አልዞረም። ማዞሪያውን ብረት ይዞ እየሮጠ ይከፍታል፣ እየሮጠ ይዘጋል፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ መሆኑን ጉልበቱ ብቻ ነበር የሚያስታውሰው።

ታች ሲደርስ የሶልያና ጀልባ አፍንጫውን ወደ መጀመሪያው በር አስጠግቷል። ሴትየዋ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሪውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ስምንት ጀልባ።

"ናሆም! ምነው ወረድህ? ሠልስት ወጣ እንዴ?"

ነገራቸው። አንድም ሳያስቀር፣ የጠራው እሱ መሆኑን ጭምር ነገራቸው። ሶልያና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙት። ሲጨርስ አንገታቸውን ደፉ፤ ናሆምም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገባቸው ብሎ አሰበ።

"እንግዲያማ" አሉ በመጨረሻ፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "የአንድ ያብስራ ለቅሶ መሆኑ ቀርቷል። የሃያ ሁለት ቤት ለቅሶ ነው። ይህን ሰምተን ልንመለስ? ክፈትልን።"

"እትዬ፣ የማይደረስበት ነው የምልዎት!"

"እስከደረስንበት እንደርሳለን። ክፈት።"

"ክፈትልን እንጂ!" አለ ከኋላ ያለ ሰው። "ምን ያቆመናል?"

ናሆም ብረቱን እንደያዘ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለቅሶ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ያስተማራቸው እሱ ነው፤ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው። እውነቱን በጨመረላቸው ቁጥር ይበልጥ ይገፋሉ እንጂ አይመለሱም። በዓለም ላይ ለቀስተኛን የሚመልስ ነገር ምን እንዳለ አሰበ፤ አንድ ነገር ብቻ መጣለት።

"ያብስራ እንዳትመጡ ብሏል" አለ።

"ማን?"

"ያብስራ። የደቡቦቹ ለቅሶዬ ላይ እንዳይደርሱ ብሎ ነግሮኛል።"

የሁሉም ሞተር አንድ ላይ የጠፋ መሰለው።

"ምን አድርገነው?" አሉ ሶልያና።

"ታሞ አልጠየቃችሁትም።"

"መታመሙን ማን ነገረን?"

ያብስራ አንድ ቀን እንኳ ታሞ አያውቅም። "እሱን አላውቅም" አለ ናሆም። "ቃሉ ይሄ ነው። የሟች ቃል ነው፤ እኔ ልለውጠው አልችልም።"

ሶልያና አዩት። ይህ አስተያየት ከስድብ የከፋ ነበር፤ የሚለምን ዓይን ነው።

"ልጄን ወሳጆቹ ሲወስዱብኝ" አሉ፣ "ሦስት ቀን አጠገቤ የተቀመጠው ያብስራ ነው። ንፍሮ በእጁ ነው ያጎረሰኝ። እሱ ነው እንዳይመጡ ያለው?"

"አዎ" አለ ናሆም። "እሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። ቦዩ ጠባብ ስለሆነ ሃያ ሜትር ጀልባ አይዞርበትም፤ እስከ መዞሪያው ሰፊ ቦታ ድረስ የኋሊት መሄድ ነው። የመጨረሻው ጀልባ መጀመሪያ ተነሳ፣ ከዚያ ስምንተኛው፣ እንዲህ እያሉ አፍንጫቸውን ወደ እሱ እንዳደረጉ ራቁ። አንዱ ወደ ውሃው ተፋ። ሌላው የያብስራን ስም አንስቶ የማይባል ነገር ተናገረ፤ ናሆም ሰማው፣ አላስተባበለም። አንዲት ሴት ሐዘንተኛዋ ዘንድ ልታለቅሰው ያመጣችውን ለቅሶ ወደ ራሷ መለሰችው፣ አንገቷን ይዛ ብቻዋን አነባች።

ሶልያና የመጨረሻ ነበሩ። ጣሪያቸው ላይ የነበረውን የንፍሮ ድስት አንስተው ቦዩ ውስጥ ገለበጡት። ስንዴውና ሽምብራው ለአፍታ ተንሳፍፎ ሰመጠ።

"ናሆም" አሉ፣ መሪውን ሳይለቁ። "ለቀስተኛ ከበር መመለስህን ቦዩ ሁሉ ይሰማዋል። ያንተ ቀን ሲደርስ ማን የሚመጣልህ ይመስልሃል?"

"ማንም አይምጣ፣ እትዬ ሶልያና" አለ ናሆም። "ማንም አይምጣ።"

ጀልባቸው ከዳሩ አልላቀቅ ስላለች አጎንብሶ አፍንጫዋን በሁለት እጁ ገፋላቸው።